ወንበር በሌለበት ቦታ መምረጥ፦ በላሊበላ የቤዛ ኩሉ ሥርዓት ላይ እይታ፣ ድምፅና የተያዙ ቦታዎች

በአደባባይ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ መቀመጫ መምረጥ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ቁጥር የተጻፈበት ወንበርና ከመድረኩ በራቀ መጠን የሚቀንስ ዋጋ ነው። ገዢው ኪሱንና ፍላጎቱን አመዛዝኖ ፊት ለፊት ወይም ከጎን፣ ቀረብ ወይም ራቅ ብሎ ይወስናል። በአገራችን የሜዳ ኮንሰርቶች ግን ቁጥር ያለው ወንበር ብርቅ ነው። ክፍፍሉ «ቪአይፒ» እና «መደበኛ» በሚሉ ሁለት ቃላት ያበቃና የቀረውን ቀድሞ መድረስና የትከሻ ጥንካሬ ይወስኑታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ደግሞ ትኬትም ወንበርም ጭራሽ የሌለበትን ስፍራ ነው፤ በላስታ ላሊበላ፣ በልደት በዓል፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ የሚፈጸመውን የቤዛ ኩሉ ሥርዓት።

አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቤዛ ኩሉ ኮንሰርት አይደለም፤ አምልኮ ነው። ካህናቱ የሚዘምሩት ለተመልካች አይደለም፤ ምእመኑም ተመልካች ብቻ ሆኖ አይመጣም። ይሁን እንጂ ብዙ ሕዝብ በሰማይ ሥር ተሰብስቦ አንድን ዜማ ለመስማትና አንድን ሥርዓት ለማየት በሚሻበት ስፍራ ሁሉ ጥሩ ቦታ ከሰው ቁጥር ያንሳል። ማን የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ለዘፈንም ለዝማሬም እኩል ይነሣል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ነው፤ ትኬት አለመኖሩ ቦታው አልተያዘም ማለት አይደለም፤ ለዓይን የሚበልጠው ቦታም ለጆሮ የሚበልጠው አይደለም። ሁለተኛው ነጥብ በትክክል ከተጤነ በመጀመሪያው የተነሣ በየዓመቱ የሚፈጠረውን ግፊያና ቅሬታ ለማቃለል ይረዳል።

የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ናቸው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቤተ ማርያም የምትገኘው በሰሜኑ ምድብ ነው። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከመሬት ወደ ላይ አልተሠራችም፤ ዐለቱ ከላይ ወደ ታች እየተቆፈረ፣ ዙሪያዋ ግቢ ሆኖ እየተከፈተ የወጣች ናት። በግቢዋ የሰሜን ግድግዳ ውስጥ ቤተ መስቀል፣ በደቡቡ ቤተ ደናግል ተፈልፍለዋል፤ በግቢው ውስጥም ከዐለቱ የተቆፈረ የጠበል ገንዳ አለ። ከቤተ መድኃኔ ዓለም ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ ዐለት ሰንጥቆ የሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ለጉዳያችን ዋናው ነገር ይህ ቅርጽ ነው። በተለመደው የአደባባይ ቲያትር መድረኩ ከታች ሆኖ መቀመጫው በደረጃ እያደገ ይወጣል። እዚህ ግን ግቢው ቀጥ ባለ ግድግዳ የታጠረ ጉድጓድ ነው፤ ደረጃ የለውም። አንድ ሰው ወይ ከታች ነው፣ ወይ ከላይ ከጠርዙ ነው። መካከለኛ ቦታ የለም።

ሥርዓቱ በታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ በ28) ሌሊቱን ማኅሌቱና ቅዳሴው ከተፈጸመ በኋላ በማለዳ ይጀመራል። ዕለቱ በትውፊቱ መሠረት የቅዱስ ላሊበላም የልደት ቀን ነው፤ ለዚህም ነው በዓሉ በዚያ አገር ድርብ የሆነው። ነጭ የለበሱና ጥምጥም ያሠሩ ካህናት ማሜ ጋራ በተባለው የግቢው የላይኛው ጠርዝ በረድፍ ይቆማሉ፤ ሌሎቹ ከታች በግቢው ውስጥ ይሆናሉ። ላይኞቹ የመላእክት፣ ታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው ተብሎ ይተረጎማል። ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል፤ ዜማው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል።

ስለዚህ የድምፁ ምንጭ ሁለት ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ደግሞ ቁመት ነው። «ፊት ለፊት» የሚለው ቃል እዚህ ትርጉሙን ያጣል፤ ለአንዱ ወገን ፊት የሆነው ለሌላው ጀርባ ወይም ጣራ ይሆናልና።

ከእይታው እንጀምር። ለማስላት እንዲቀል የግቢው ጥልቀት 10 ሜትር፣ የቆመ ሰው የዓይን ከፍታም 1.6 ሜትር ነው እንበል። ከጠርዙ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ የቆመ ሰው ቁልቁል ሲመለከት የእይታው መስመር የጠርዙን ጫፍ ታክኮ ያልፍና የግቢውን ወለል ከግድግዳው 3 ሜትር ያህል ርቆ ያገኘዋል። ያው ሰው 2 ሜትር ወደ ኋላ ቢል ወለሉን የሚያየው ከግድግዳው 12.5 ሜትር ርቀት ጀምሮ ብቻ ነው፤ 4 ሜትር ቢል 25 ሜትር ይሆናል። በጠባብ ግቢ 25 ሜትር ማለት ምንም ማለት ነው፤ የሚታየው የማዶው ግድግዳ ብቻ ይሆናል። ይህ ሁሉ ደግሞ ከፊቱ ማንም ካልቆመ ነው። ስለዚህ ከጠርዙ ላይ ሆኖ ታች ያለውን ማየት የሚችለው የፊተኛው ረድፍ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ረድፍ የሚያየው የወንድሙን ጥምጥም ነው። ግፊያው ወደ ጠርዙ የሚበረታውም ሕዝቡ ሥርዓት ስለጎደለው አይመስለኝም፤ ቅርጹ ራሱ ሰውን ወደ ፊት ይስባል፤ ግማሽ ሜትር ወደፊት መግፋት እዚህ ከምንም ወደ ሁሉም ያሸጋግራልና።

ታች ያለው ሰው ሒሳብ ሌላ ነው። ከግድግዳው 5 ሜትር ርቆ ቆሞ ወደ ላይ ቢያንጋጥጥ፣ ካህናቱ ከጠርዙ አንድ ሜትር ገባ ብለው ከሆነ የቆሙት፣ ከእግራቸው እስከ 1.7 ሜትር ገደማ ያለው ሰውነታቸው ይሰወርበታል፤ ጥምጥማቸውን ቢያይ ነው። 10 ሜትር ርቆ ቢቆም የሚሰወረው ከወገብ በታች ያለው ብቻ ይሆናል። ለታችኛው ሰው ጥሩ ቦታ ሊያያቸው ከሚፈልጋቸው ዘማሪዎች ግድግዳ ሥር ሳይሆን በማዶው በኩል ነው። ብዙ አዲስ መጪ ግን በግድ ወደ ዘማሪዎቹ ተጠግቶ፣ ከሥራቸው ተወሽቆ፣ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይቆያል።

ስለ ፀሐይም ማሰብ ይገባል። በታኅሣሥ ፀሐይ በላስታ የምትወጣው ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ባዘነበለ አቅጣጫ ስለሆነ በምዕራቡ ጠርዝ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ማለዳውን በእጁ ግንባሩን ጋርዶ ያሳልፈዋል።

ወደ ድምፁ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጠልቃል። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ድምፅ፣ ለምሳሌ የአንድ ሰው ጥሪ፣ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይቀንሳል። በረጅም ረድፍ የቆሙ ብዙ ሰዎች ግን እንደ ነጥብ ሳይሆን እንደ መስመር ናቸው፤ ከረድፉ ርዝመት አንጻር ቅርብ እስከሆንን ድረስ ድምፃቸው በእጥፍ ርቀት የሚቀንሰው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ከ5 ሜትር ወደ 20 ሜትር ብንርቅ የአንዱ ሰው ድምፅ 12 ዲሲቤል ሲወርድ የረድፉ ግን 6 ይወርዳል። የማሜ ጋራው ረድፍ ያለ ምንም ማጉያ ያን ያህል የሚሰማው ካህናቱ ስለበዙ ብቻ አይደለም፤ በመስመር ስለቆሙም ጭምር ነው። ይህ ማለት ደግሞ ከላይኛው ዜማ ለመጠቀም መጠጋት ግድ አይደለም። ርቆ የቆመው ሰው በእይታ የሚያጣውን ያህል በመስማት አያጣም።

ከታች ያለው ሰው ተጨማሪ ረዳት አለው፤ እርሱም የገደል ማሚቶ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ከመጀመሪያው በ50 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ከደረሰ፣ ማለትም ትርፍ መንገዱ ከ17 ሜትር ካልበለጠ፣ ጆሮ እንደ ሁለተኛ ድምፅ አይቆጥረውም፤ ከመጀመሪያው ጋር አዋሕዶ እንደ ብርታት ይቀበለዋል። በጠባብ የዐለት ግቢ ውስጥ አብዛኛው ማሚቶ በዚህ ወሰን ውስጥ ስለሚወድቅ ዜማው ይወፍራል እንጂ አይደበላለቅም። ዐለት ደግሞ ድምፅን እምብዛም አይመጥም። የሚመጠው ሰው ነው፤ በተለይ ጋቢ የለበሰ ሰው። ግቢው በምእመናን ሲሞላ ቀጫጭኖቹ ድምፆች በጥጥና በሰውነት ይዋጣሉ፤ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ግን ይቀራል።

ከጠርዙ ራቅ ብሎ በስተኋላ ለቆመው ሰው የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከታች የሚመታው ከበሮ የሞገድ ርዝመት ረጅም ነው፤ በ100 ሄርዝ 3.4 ሜትር ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞገድ የጠርዙን ጫፍ ዞሮ ይታጠፋል። የጸናጽል ድምፅ ግን በሺዎች ሄርዝ የሚቆጠር ስለሆነ የሞገድ ርዝመቱ በሴንቲሜትር ይለካል፤ ጠርዙ እንደ ግንብ ይጋርደዋል። ስለዚህ ወደ ኋላ የቀረው ምእመን ከታች ያለውን ከበሮ በደረቱ እየተሰማው ጸናጽሉን ሳይሰማ ሊውል ይችላል። ሥርዓቱ ለእርሱ ግማሽ ነው። ሞንታርቦ ከተተከለም ነገሩ በሌላ መልኩ ይወሳሰባል። ድምፁ በሽቦ ወዲያው ደርሶ ከማጉያው ሲወጣ እውነተኛው ድምፅ በአየር ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ከዘማሪዎቹ 170 ሜትር ርቆ ከሞንታርቦው ሥር የቆመ ሰው ያንኑ ዜማ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰማዋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የግል ግምት ልጨምር። በ34 ሜትር የተራራቁ ሁለት ዘማሪዎች የአንዳቸው ድምፅ ለሌላው የሚደርሰው በ0.1 ሰከንድ ዘግይቶ ነው። ፈጣን ዜማ ቢሆን ይህ መዘግየት ይበትነው ነበር። የቤዛ ኩሉ እርጋታ፣ እንዲሁም ካህናቱ በአንድነት መወዛወዛቸው፣ ከመንፈሳዊ ትርጉሙ ባሻገር ጆሮ የማይችለውን በዓይን ለማስተካከል የሚረዳ ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ከዝናብና ከፀሐይ ለመከላከል በአራት ስፍራዎች ላይ የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎች አንደኛው ቤተ ማርያምን ይሸፍናል። ቅርሱን ጠቅሞአል ወይስ አስግቶአል የሚለው ክርክር ሰፊ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ቦታ ለሚመርጥ ሰው ግን መጠለያው ራሱ አንድ ነገር ነው፤ ከምሰሶ ኋላ ላለመቆም አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

አሁን ወደ «ተያዘ» ቦታ እንመለስ። ቤተ ክርስቲያን ትኬት ባይኖራትም ያለ ቦታ ድልድል ኖራ አታውቅም። ሕንፃዋ ራሱ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል፤ ማን እስከ የት እንደሚገባ የታወቀ ነው። ወንዶችና ሴቶች የየራሳቸው በርና ወገን አላቸው። በማኅሌት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ሲቆሙ ከመሪጌታው ጀምሮ ለየማዕረጉ ቦታ አለው፤ «ቀኝ ጌታ» እና «ግራ ጌታ» የሚባሉት ማዕረጎች ስማቸውን ያገኙት ከሚቆሙበት ወገን ነው። ቁጥር ከተጻፈበት ወንበር ይልቅ ጠንካራ የሆነ ድልድል ነው፤ ወንበር ለማንም ይሸጣል፣ የቀኝ ጌታን ቦታ ግን በትምህርት እንጂ በገንዘብ አያገኙትም። ይህ በእኛ ብቻ የተለየ አይደለም። በአቴና የዲዮኒሶስ ቲያትር የፊተኛው ረድፍ የድንጋይ ወንበሮች ለካህናትና ለሹማምንት የተለዩ ነበሩ፤ የማን እንደሆኑም ተቀርጾባቸዋል። የኤጲዳውሮስ ቲያትር እስከ 14,000 ሰው የሚይዝ ሲሆን የኖራ ድንጋይ ደረጃዎቹ የሕዝቡን ዝቅተኛ ጉምጉምታ እንደሚቀንሱ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በቤተ ማርያም ዙሪያ ግን ጉምጉምታውን የሚያጠፋ ደረጃ የለም፤ ያለው «ዝም በሉ» የሚል ሽማግሌ ነው።

ከካህናቱ ቀጥሎ ቦታ የሚይዘው ተሳላሚው ነው። ከላስታ ቀበሌዎች፣ ከዋግ፣ ከጋይንት፣ ከራያና ከዚያም ርቆ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ይመጣል። የላሊበላ ሰው እግሩን አጥቦ ይቀበለዋል። ሌሊቱን በግቢውና በጠርዙ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል፤ ሲነሣ ጋቢውን ወይም ልጁን ትቶ ይሄዳል፤ ጎረቤቱም «ሰው አለበት» ይላል። ይህ ቃል የማይታይ የቦታ ማስያዣ ወረቀት ነው። የተከፈለው ዋጋ እንቅልፍና ብርድ ነው።

ሦስተኛው ወገን እንግዳው ነው፤ ባለሥልጣን፣ ከውጭ የመጣ ጎብኚ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የደረሰ ምእመን፣ ካሜራ የተሸከመ ባለሙያ። ጎብኚው የመግቢያ ክፍያ ከፍሎአልና መብት አለኝ ይላል፤ ሹሙ በአጃቢ ይመጣል። ንጋት ላይ «እስቲ ለእንግዶች ቦታ ልቀቁ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሌሊቱን ያደረው ሰው ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ኋላ ይላል። ከላይ ባየነው ሒሳብ መሠረት ወደ ኋላ 2 ሜትር ማለት ደግሞ ሁሉንም ማጣት ነው። ጦርነቱና ከዚያ በኋላ የቀጠለው ግጭት የጎብኚውን ቁጥር ስላሳነሰው ከተማዋ እንግዳ ማስከፋት አትችልም፤ ጠላ የምትሸጠውም፣ ሆቴል የገነባውም፣ አስጎብኚውም ኑሮው በዚያው በዓል ላይ ነው። ስለዚህ «እንግዳው ይቅር» ማለት መፍትሔ አይደለም። የጠርዙን ቦታ እየለዩ መሸጥም፣ አንዳንዱ እንደ ገቢ ምንጭ ሊያስበው ቢችልም፣ በእኔ እይታ የሚሞከር አይደለም፤ በእንቅልፍ የተገዛውን በገንዘብ መልሶ መሸጥ ነውና።

ክፍተቱ ያለው እንግዳውና ተሳላሚው የሚፈልጉት አንድ ነገር አለመሆኑ ላይ ነው። እንግዳው በአብዛኛው ማየትና ፎቶግራፍ ማንሣት ይሻል፤ ይህም ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ተሳላሚው ዜማውን መቀበልና ማጨብጨብ፣ እልል ማለትና ከበረከቱ መካፈል ይሻል፤ ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው። ለጆሮ የሚበልጠው የግቢው ወለል ሌሊቱን ላደሩት፣ በተለይም መቆም ለሚያደክማቸው አረጋውያን፣ ሳይነካ ቢጠበቅ፣ ለዓይን ከሚበልጠው ጠርዝ ደግሞ ከካህናቱ ማዶ ያለ አንድ ጠባብ ክፍል ለእንግዶች በየተራ ቢሰጥ፣ ሁለቱም ወገን የፈለገውን ያገኛል። አንዱ ቡድን ሩብ ሰዓት ቆሞ ለሌላው ይለቃል። ፎቶግራፍ አንሺው በዘማሪዎቹ መካከል እንዳይገባም ይህ ያግደዋል፤ ረድፉ በተቆረጠ ቁጥር የመስመርነቱ ጥቅም ይጎድላልና ጉዳቱ የሥርዓት ብቻ ሳይሆን የድምፅም ነው።

የጠርዙ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። የሕዝብ እንቅስቃሴን የሚያጠኑ ባለሙያዎች በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 ሰው በላይ ሲቆም ግለሰቡ በራሱ እግር መመራቱን ያቆማል ይላሉ፤ ከኋላ የመጣ ትንሽ ግፊት እንደ ውኃ ሞገድ እስከ ፊት ይደርሳል። በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ በሴኡል፣ በኢቴዎን ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በአንድ ጠባብ ቁልቁለት መንገድ በተፈጠረ መጨናነቅ 159 ሰዎች ሲሞቱ ገደል እንኳ አልነበረም። በቤተ ማርያም ዙሪያ ግን ሞገዱ የሚያበቃው ባዶ አየር ላይ ነው። ስለዚህ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ባዶ ሆኖ መከለል ይኖርበታል። እይታን ይቀንሳል፤ ከላይ ያለውን ሒሳብ የተከተለ አንባቢ ምን ያህል እንደሚቀንስ ያውቃል። በዚህ ላይ ግን ድርድር የለም። ተሸናፊው ከዳር ሆኖ ወደ ታች ለማየት የመጣው ነው፤ ለመስማት የመጣው የሚያጣው ጥቂት ነው።

ከለላውን በምን እንሥራው የሚለው ቀላል አይደለም። ዐለቱ ቅርስ ነው፤ ችንካር አይመታበትም፣ ብረት አይተከልበትም። የሚቀረው በየአገሩ በዓል እንደምናየው የሰንበት ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወይም ገመድ ይዘው የሚሠሩት የሰው አጥር ነው። ገመድ የያዘው ወጣት ጀርባውን ለሥርዓቱ፣ ፊቱን ለሕዝቡ ሰጥቶ ይቆማል፤ ከሁሉ ቀርቦ ምንም የማያይ እርሱ ነው። ከኋላው የሚሆነውን ከሕዝቡ ፊት ላይ ያነባል። ሰው ሲበረታና ሲዝል ጥበቃውም ይዝላልና ተረኛው በየግማሽ ሰዓቱ መቀየር አለበት፤ የተቀየረውም በጠበቀው ጠርዝ ላይ፣ ገመዱን ተሻግሮ ሳይሆን ከገመዱ ወዲህ፣ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ቦታ ሊጠበቅለት ይገባል።